ፀጉር ስንጠቃ

የፖለቲካ ሰዎቻችን አንዱ ሌላውን «ፀጉር ስንጠቃ ነው የያዝከው» ሲለው ፍሬ በሌለው ነገር ጊዜ ታጠፋለህ ማለቱ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ እውነተኛው የፀጉር መሰንጠቅ ነው። «ጋዜጠኝነት ተመርቃ ስለ ፀጉር!» የሚሉ ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። አብዛኞቹ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ፀጉር ቤት ገብተው በሃያ ደቂቃ የሚወጡ ወንዶች ስለሆኑ አልቀየማቸውም። በየቤቱ ግን ቅዳሜዋን የምትገብርለት፣ ገንዘቧን የምታፈስበት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለቀሰችበት ሴት አለች። ስለ እሷም አንድ ሰው ይጻፍ እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅልል ፀጉር ያላት ሴት የውበት ሳሎን ስትገባ የመጀመሪያው ሰላምታ «ውይ!» ነው። ቀጥሎ «ፀጉርሽ እኮ ከባድ ነው፣ የኔ ቆንጆ» ይመጣል። ከዚያ ጥርሱ የጠበቀ ማበጠሪያ፣ በደረቁ፣ ከሥር ወደ ጫፍ። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ መጎተት፤ እንባ ሲመጣ «ትንሽ ቻይው»። ባለፈው ዓመት አንድ ሳሎን ውስጥ ይሄ ሁሉ ከተፈጸመብኝ በኋላ ጭማሪ ሂሳብ ተጠየቅኩ። ለምን? ፀጉሬ «አስቸጋሪ» ስለሆነ። የተበጣጠሰው ፀጉሬ እወለሉ ላይ ተበትኖ እያየሁት እኮ ነው! ካሳ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ «ትከሻሽ አስቸጋሪ ነው» ተብላችሁ ተጨማሪ ብትጠየቁ ትከፍላላችሁ? የመጣለትን ትከሻ ለክቶ መስፋት ሥራው አይደለም እንዴ?

ክሴ ይህ ነው፦ ፀጉሩ አልበደለም፤ የበደለው አያያዙ ነው።

የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ በቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየቀረ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጫፉ ደግሞ ከሁሉም የሸመገለው ክፍል ነው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፀጉር ጫፉ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፀሐይ፣ ካስክና ማበጠሪያ ሲፈራረቁበት የኖረ ነው። እንዲህ ደርቆ ቅርፊቱ የተነሳ ዘለላ ጎረቤቱን ይይዛል፤ መጠላለፉ ከዚህ ይመጣል። ታጥቦ ሲደርቅም እየተሰበሰበ ያጥራል፤ ሲሰበሰብ በራሱ ቀለበት ውስጥ ያልፍና አንዲት ዘለላ ብቻዋን ራሷን ትቋጥራለች። (እኔን ብትጠይቁኝ ይሄ የሚደነቅ እንጂ የሚሰደብ ነገር አይደለም።) ያንን ቋጠሮ በኃይል ስትጎትቱት ዘለላው ይበጠሳል። የተበጠሰበት ቦታ ሽፋን የሌለው አዲስ ጫፍ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ሌላውን ይይዛል። ማበጠሪያው አንዱን በጣጥሶ ሲያልፍ ለሚቀጥለው ቋጠሮ ሥራ ጀምሮለት ነው የሚሄደው።

እኛ ግን ጥፋቱን በቃላት ጭምር ፀጉሩ ላይ አድርገነዋል። «ከርዳዳ»፣ «ጨፍራራ» ስድብ ናቸው፤ «ዞማ»፣ «ሉጫ»፣ «ሐር የመሰለ» ሙገሳ ናቸው። ያው ሕዝብ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ከዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ቆርጠው የወሰዱት ፀጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ በክብር ተቀብሏል። ደግ አደረገ። የንጉሡን ሹሩባ በሥዕል፣ የአርበኞቹን ጎፈሬ በፎቶ እያየን እንኮራለን። ለጀግና ሲሆን ግርማ የሆነው ፀጉር ለአሥር ዓመት ልጅ ሲሆን በምን ሕግ ነው ችግር የሚባለው?

አሁን ሳሎኖቹን ለጊዜው ልተዋቸውና ወደ እኛው ልዙር። መቀስ እንፈራለን። «ጫፉ ተበልቷል፣ ትንሽ ይቆረጥ» ስትባል «ርዝመቴን?!» ብላ ከወንበሩ የምትነሳ ሴት ስንት ናት? እሷው ደግሞ «ፀጉሬ አያድግም» ትላለች። ያድጋል እህቴ! ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ከጫፉ ያንኑ ያህል ይበጠሳል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ርዝመቱ ያው ትከሻሽ ላይ ነው። «ከተቆረጠ በፍጥነት ያድጋል» የሚሉትም ቢሆኑ አትስሟቸው፤ ፀጉር የሚያድገው ከሥር ነው፣ ጫፉ መቆረጡን ሥሩ አያውቅም። መቁረጥ የሚጠቅመው ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። ዛሬ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሳሳችለት ሰው በኋላ አራት አምስት ልታጣ ትችላለች።

እዚህ ላይ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «የተሰነጠቀ ጫፍ የሚጠግን» ቅባት የሚቸበችቡት ይቆጡኝ ይሆናል። ይቆጡ። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ እንደ ቁስል አይሽርም። አንዳንዱ ቅባት ስንጥቁን እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ ያጣብቀው ይሆናል፣ በቃ። የእናቶቻችን ቅቤም ቢሆን የተሰነጠቀ አይገጥምም። ዘለላውን ሸፍኖ መፋተግን ይቀንሳል፣ እርጥበት ቶሎ እንዳይወጣ ያግዛል፤ በዚህ በዚህ ሙያ አለው፣ ሽታውን የቻለ ይቀባው። ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ ግን ነጋዴ ነው።

ሌላው ምክር «ሪላክሰር ተቀቢና ተገላገይ» ነው። በብዙዎቹ ሪላክሰሮች ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራበት ኬሚካል ነው፤ ፀጉሩን ቀጥ የሚያደርገው የውስጥ ማያያዣዎቹን ሰብሮ ነው። መጠላለፉ ይቀንሳል፣ የፀጉሩ አቅም አብሮ ይሄዳል። ፒያስትራውም ቢሆን 200 ዲግሪ የሚደርስ ብረት ነው። ውሃ የሚፈላው በ100 ነው (አዲስ አበባ ላይ እንዲያውም ከዚያ በታች)። ገና እርጥብ የሆነ ፀጉር ላይ ሲጫኑት በዘለላው ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ ያ ቦታ ነው በኋላ ቀጭ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 33 ሺህ ያህል ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የሚጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 ከመቶ፣ የማይጠቀሙት 1.64 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ግንኙነት አሳየ እንጂ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ አልደመደመም። ቢሆንም «ተገላገይ» የምትል ሴት ይህንን አያይዛ ብትናገር ደስ ይለኛል።

የሚያንገበግበኝ ግን የእኛ የትልልቆቹ አይደለም። እሑድ ማታ ነው፣ ነገ ትምህርት ቤት አለ። ልጅቱ በእናቷ ጉልበቶች መሐል ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ደርቋል፣ ማበጠሪያው ቀጭን ነው። ስታለቅስ «ዝም በይ፣ ይሄ ፀጉርሽ እኮ ነው ያስቸገረኝ» ትባላለች። እናትየው ደክሟታል፣ እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው፤ አልፈርድባትም። ልጅቱ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ በራሷ ላይ የበቀለው ነገር እናቷን የሚያስቸግር ጥፋት መሆኑን ሰምታለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ «ሪላክሰር ግዙልኝ» ስትል ደግሞ ዘመን አመጣሽ ነገር ነው ብለን እንገረማለን።

ያ ሁሉ ለቅሶ ውሃና ኮንዲሽነር ያጣ ለቅሶ ነው። ፀጉሩ ይርጠብ፣ ኮንዲሽነር ይቀባ፣ መጀመሪያ በጣት ይከፋፈል። ከዚያ ጥርሱ የተራራቀ ማበጠሪያ፣ ወይም አያቶቻችን የሚያውቁት ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ወደ ሥር እየወጣ ይግባበት። ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሌላው እጅ ጨበጥ ያደረገ ሰው የራስ ቆዳ አይጎትትም። ራሷን የቋጠረች ዘለላ ካለች አትታገሏት፤ ከቋጠሮዋ ከፍ ብላችሁ በተሳለ መቀስ ቁረጧት። የወረቀት መቀስ አይሁን፣ የደነዘ መቀስ አኝኮ ነው የሚሰነጥቀው። ማታ ላላ ያለ ሹሩባና ላዩ ላይ የሳቲን ሻሽ። ላላ ያለ ነው ያልኩት፤ ዓይን እስኪወጠር የሚጎነጎነው ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል።

ሳሎን ስትሄዱም ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ በእርጥቡ ታበጥራላችሁ? ከጫፍ ትጀምራላችሁ? ሚዶ አላችሁ? «እኛ እንደዛ አንሠራም» ካሏችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። «እሺ» ካሏችሁ ተቀመጡ፤ ሲጨርሱ ወለሉን አይታችሁ ስለ ጭማሪው ሂሳብ ተነጋገሩ።