እውነት ከወሬ እንድትቀድም

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ ቃል የከበረ ነው፤ ዳሩ ግን በክፉ የዋለ እንደ ሆነ ቤትንም አገርንም ያፈርሳል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ማለታቸው አንድ ጊዜ የተነገረ ነገር ተመልሶ እንደማይያዝ ስላወቁ ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ቃል የሚወጣው ከአፍ ብቻ አይደለም፤ ከእጅ ስልክም ይወጣል፤ መንደርን አልፎ አገርን ለማዳረስም ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ብዙኃን መገናኛ፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ዴሞክራሲ የሚደረገው ንግግር የሚመሰገን ነው። ምስጋናው ግን የሚፈጸመው ንግግሩ ከአዳራሹ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየደብሩ ሥራ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

እንዲህ ላለው ንግግር ከፋ የተገባች ስፍራ ናት። በጥንቱ የከፋ መንግሥት ንጉሡ ብቻውን የሚቆርጥ አልነበረም፤ ሚክሬቾ የሚባል የአማካሪዎች ጉባኤ ነበረው። በዘመናችንም የከፋ ሕዝብ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ሕዝብ ጋር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ድምፁን ሰጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ቦንጋ ላይ ተመሠረተ። ዛሬ ቦንጋ የክልል መቀመጫም የዩኒቨርሲቲ ከተማም ናት። ነገር ግን ምክርም ሆነ ድምፅ የሚጠቅመው መካሪውና መራጩ እውነቱን ያወቀ እንደ ሆነ ነው። ሐሰት ሰምቶ ድምፁን የሚሰጥ ሰው እጁን ቢያነሣም የመረጠለት ሐሰቱን የነገረው ሰው ነው።

ወሬ እውነትን የቀደመ እንደ ሆነ የሚያመጣውን ጥፋት ለማወቅ ወደ ሌላይቱ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ወደ ባሕር ዳር እንመልከት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስምና ፎቶግራፍ ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ጽሑፉን በጊዜው አላነሣም ሲሉ በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ከሰሱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በየነ። የኩባንያውን ነገር ዳኞች ያዩታል። ይሁን እንጂ ያን ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ያሳለፉት ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም «ማን አየ? ማን መሰከረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ብራና ጸሐፊ የገለበጠውን መጽሐፍ ከእናቱ ጋር አስተያይቶ ሳያርም ለንባብ አያወጣውም። የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ከታረመለት በኋላ በጉባኤ ያሰማል። ከስልክ ላይ ያነበበውን ሳይመረምር ለሌላ የሚያስተላልፍ የተማረ ሰው ያን ትምህርት ረስቶታል፤ በዐውደ ምሕረት ቆሞ የሚናገረው ካህን እንደ ሆነማ ምእመናን የሚቀበሉት እንደ ወሬ ሳይሆን እንደ ትምህርት ስለ ሆነ ዕዳው እጥፍ ነው።

ወደ ሹማምንቱ ስንመለስ፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን ለመከላከል በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣት ተደንግጓል። ቅጣት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ ወሬን የሚከለክለው እውነቱን የያዘው ባለሥልጣን ፈጥኖ መናገሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ደንግጓል። ይህ ቀን ለደብዳቤ ይበቃ ይሆናል፤ ወሬ ግን ሠላሳ ደቂቃም አይጠብቅም። ሹሙ «ገና አልተፈቀደልኝም» እያለ ሲዘገይ ምንም የማያውቀው ሰው በእርሱ ፈንታ ይናገራል። ይልቁንም የሰውን መልክና ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ መሣሪያ በተገኘበት በዚህ ዘመን ሕዝቡ ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለይበት፣ አስቀድሞ የሚያምነው ስፍራ ያስፈልገዋል።

እኛም የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጆች ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያየ አስተያየት የሚያስተናግድ እንዲሆን ያዛል። አንዳንድ ሰዎች «የመንግሥት ጉድለት በመንግሥት ጋዜጣ ቢጻፍ ጠላት ይደሰታል» ይላሉ። እኛ ግን የሚያስፈራን ሌላ ነው። በመንደሩ መንገድ መበላሸቱን፣ በጤና ጣቢያው መድኃኒት መታጣቱን በዓይኑ ያየ አንባቢ ከእኛ ዘንድ ምስጋና ብቻ ያነበበ እንደ ሆነ፣ በመከራ ቀን እውነቱን ብንነግረው እንኳ አያምነንም። የታመነ ጋዜጣ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ትንሹን ጉድለት በጊዜው በመናገር ይገነባል።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ጥያቄ በዚያው ቀን የሚመልስ አንድ ኃላፊ ይመድብ፤ ነገሩ ገና ያልተጣራ እንደ ሆነም «እያጣራን ነው፤ በዚህ ሰዓት እንነግራችኋለን» ይበል፤ የተናገረውንም ሰዓት ያክብር። በከፋ የሚነገረው ነገር በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በካፊኖኖም ይነገር፤ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሰማውን እውነት በቋንቋው የደረሰው ወሬ ይቀድመዋልና። ዩኒቨርሲቲዎችም ንግግሩን ለመምህርና ለተማሪ ብቻ አያድርጉት፤ የወረዳውን ሹም፣ ካህኑን፣ ሼኹን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን ይጥሩ፤ ከመናገርም ይልቅ ይጠይቋቸው። ካህናት አባቶቻችንም ለሕዝብ ከመናገራቸው በፊት ነገሩን ይመርምሩ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው ያወቁትን በጊዜው ለመናገር፣ ያላወቁትንም አላወቅሁም ለማለት መድፈር ነው።