የማይከፈተው ሲዲ፦ ስለ መመረቂያ ጥናት ርክክብ

የማስተርስ ጥናቱን ያጠናቀቀ ተማሪ ለቤተ መጻሕፍት ሁለት ነገር እንዲያስረክብ ሲጠየቅ ኖሯል፤ የተጠረዘ ቅጂና ሲዲ። ዛሬም ይህንኑ የሚጠይቁ የትምህርት ክፍሎች ጥቂት አይደሉም። የተጠረዘው ቅጂ ሲቀርብ ተቀባዩ ይገልጠዋል፣ ፊርማዎቹን ይፈትሻል፣ የተዛነፈ ገጽ ካገኘም ይመልሰዋል። ሲዲው ግን በማኅደሩ ላይ ስምና ርእስ መጻፉ ከታየ በኋላ ወደ መደርደሪያ ይሄዳል። በውስጡ ምን እንዳለ፣ ጨርሶ አንዳች ነገር ይኑርበት አይኑርበት፣ በርክክቡ ዕለት እምብዛም አይጠየቅም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተመራማሪ ሲዲውን ፈልጎ ሲያስከፍት ባዶ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ በቀላሉ በተማሪው ቸልተኝነት ይሳበባል። ይህ ፍርድ የተቻኮለ ነው።

ባዶ ሲዲ እንዴት እንደሚፈጠር ማየት ይጠቅማል። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ሲዲ መቅዳትን፣ በተለምዶ «በርን ማድረግ» የሚባለውን፣ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚያከናውን ሆኖ ቀረበ። ተጠቃሚው ፋይሉን ጎትቶ በሲዲው ላይ ሲጥለው ግን ኮምፒውተሩ ወዲያው አይጽፈውም። ፋይሉ በሃርድ ዲስኩ ላይ በተዘጋጀ ጊዜያዊ ማቆያ ተቀምጦ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይጠብቃል። ይሁንና ስሙ በሲዲው መስኮት ውስጥ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ገና አለመጻፉን የሚናገሩት የምልክቱ መደብዘዝና በላዩ ያለችው ትንሽ ቀስት ናቸው። ስሙን ያየ ሰው ተቀድቷል ብሎ ቢያምን ምን ይፈረድበታል? ሲዲውን ያወጣል፣ ርእሱን ይጽፍበታል፣ ያስረክባል። ያስረከበው ከሱቅ እንደተገዛ ያለ ባዶ ሲዲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ነገሩን ያቃልላል ተብሎ ሲጠበቅ ሌላ ግራ መጋባት ጨመረ። ባዶ ዲስክ ሲገባ ተጠቃሚው በሁለት መንገዶች መካከል እንዲመርጥ ይጠየቃል፦ «እንደ ፍላሽ» ወይም «ለሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ»። በኋላ በወጡት የዊንዶውስ እትሞችም አስቀድሞ ተመርጦ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። ፍላሽ የለመደ ተማሪም ሳያቅማማ ይቀበለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍበት ሲዲ ላይ ግን የፍላሽ ጠባይ አይሠራም፤ የተሰረዘ ፋይል ከዝርዝሩ ይጠፋ እንጂ የያዘውን ቦታ አይመልስም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መዝጊያው ነው። በዚህ መንገድ የተቀዳ ሲዲ ከመውጣቱ በፊት መዘጋት አለበት። ዊንዶውስ ሲዲውን እንዲያወጣ ሲታዘዝ ይህን መዝጊያ ራሱ ይጽፋል፤ ሥራው ደቂቃዎችን ይወስዳል፣ በእያንዳንዱ መዝጋትም 20 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይበላል። በዚያ መሃል መብራት ቢጠፋ ሲዲው ሳይዘጋ ይቀራል። የቀዳው ኮምፒውተር ያነበው ይሆናል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ግን ባዶ ነው ሊል ይችላል። በአገራችን መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት መርጦ ሲዲ የሚቀዳ ሰው የለም።

የጉዳዩ ክብደት ይበልጥ የሚሰማው ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ ለምሳሌ በቢታ ገነት ዙሪያ፣ የመስክ ጥናት ሲካሄድ ነው። የመመረቂያው ጽሑፍ ራሱ በወረቀትም ስላለ ሲዲው ቢበላሽ ይተርፋል። የማይተርፈው ድምፁ ነው። ስለ ጫካ ቡና፣ ስለ ማር አያያዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ስለወደቀው የካፋ መንግሥት በካፊኖኖ የተቀዳ የሽማግሌዎች ቃል በወረቀቱ ላይ የሚገባው በጥቂት አንቀጽ ተጨምቆ፣ ያውም በትርጉም ነው። ካፊኖኖ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃልን ከቃል የሚለይበት ቋንቋ በመሆኑ የጽሑፍ ግልባጭ ቅጂውን አይተካም። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር ስለ ካፋ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታትሞ እስከ ዛሬ ይገለጣል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የተቀረጸው የካፋ ሽማግሌ ድምፅ ግን ተማሪው ካስረከበበት ዓመት ላያልፍ ይችላል። ሽማግሌው ካለፉ ደግሞ ጥናቱን መድገም አይቻልም።

እዚህ ላይ ስሌቱም አይረዳም። 700 ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ ለድምፅ ትንታኔ በሚመች ጥራት፣ ማለትም በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት በሁለት ቻናል፣ የተቀዳ ድምፅ የሚቀበለው 42 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አሥር ሰዓት ቃለ መጠይቅ ያለው ተማሪ 15 ሲዲ መቅዳት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ወይ ድምፁን ወደ ኤምፒስሪ ያሳንሰዋል፣ ወይ ከነጭራሹ ይተወውና ጽሑፉን ብቻ ያስረክባል። መመሪያው «አንድ ሲዲ» ስለሚል ሁለቱም መመሪያውን ያሟላሉ።

ሲዲው ይቅርና ሁሉም በኢንተርኔት ይላክ የሚል ሐሳብ ይሰነዘራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶችን በኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ለሕዝብ ማቅረቡ የሚመሰገን ነው፤ ሌሎችም ቢከተሉት ይበጃል። ነገር ግን ማከማቻው በዋናነት የሚይዘው ጽሑፍ ነው። አሥር ጊጋባይት ድምፅ ከገጠር ከተማ በሞባይል ኔትወርክ ላክ ማለት ደግሞ አትላክ ከማለት ብዙም አይለይም። በእጅ የሚዞር ዕቃ ለእንዲህ ያለው ቦታ ገና ጊዜው አላለፈበትም። ያለፈበት ሲዲው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማጫወቻ ስለሌላቸው ተማሪው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ሌላ ሰው በማያውቀው ኮምፒውተር ይቀዳለታል፣ ራሱ ከፍቶ ሊያየው እንኳ አይችልም። ያላየውን ነገር ትክክለኛ ነው ብሎ ይፈርማል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ተማሪው ፋይሎቹን በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ያምጣ፤ ተቀባዩ እዚያው ተማሪው ፊት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ይክፈታቸው፣ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክር፣ ከድምፁም ጥቂት ያዳምጥ። ከዚያ በተለያየ ሕንፃ በሚቀመጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይገልብጥና ያን ጊዜ ይፈርም። ሲዲ የግድ ነው የሚል ክፍል ቢኖርም ፍተሻው ሊቀር አይገባም፤ ሲዲው ከተቀዳበት ውጭ ባለ ኮምፒውተር ይከፈት። ዊንዶውስ 7 የዲስክ ምስል ሲቀዳ «ከተቀዳ በኋላ አረጋግጥ» የምትል ሣጥን ያቀርባል፤ ሣጥኗ ግን ተጠቃሚው ራሱ ካልመረጣት በቀር ባዶ ናት፤ ፋይል ጎትቶ በመጣል ለሚቀዳ ሰው ደግሞ ጨርሶ አትታይም። ማረጋገጡን ለስርዓተ ክወናው መተው ስለዚህ አያዋጣም።

በመደርደሪያ ላይ ያሉት አሮጌ ሲዲዎች ግን ሌላ አጣዳፊ ሥራ ናቸው። መረጃውን የያዘው ቀለም ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታል፤ በሲዲ ላይ ይህ ንጣፍ ጽሑፍ ከሚጻፍበት ወለል በታች በስስ ልባስ ብቻ የተሸፈነ በመሆኑ ጫርና እርጥበት በቶሎ ያገኙታል። ሳይዘጉ የቀሩት ደግሞ ከተቀዱበት የዲስክ መሣሪያ ጋር በሚመሳሰል አሮጌ መሣሪያ ሊነበቡ የሚችሉበት ዕድል አለ። እነዚህ መሣሪያዎች ከየቢሮው እንደ ቁራጭ ብረት እየተወገዱ ነው። አንድ ሁለቱን ለይቶ ማስቀረትና ሲዲዎቹን ከድምፅ ቅጂዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ማንበብ ለክረምቱ ወራት የሚበቃ ሥራ ነው።