ስለ አለቃና ስለ ሠራተኛ

ብዙ ሰዎች ለአንድ ሥራ በአንድነት በሚቀመጡበት ስፍራ ሁሉ የአሳብ መለያየትና መቀያየም መኖሩ አይቀርም። ይህ የሰው ባሕርይ ስለ ሆነ ሊያስደንቅ አይገባም። የሚያስደንቀውስ መቀያየሙን ሊያበርድ የተሾመው አለቃ ራሱ እፍ ብሎ የሚያቀጣጥለው ሲሆን ነው።

ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ወደ ለገሐር ቁልቁል የሚወርደው የቸርችል ጎዳና የመሥሪያ ቤቶች መንገድ ነው። ዋናው ፖስታ ቤት፣ ባንኮች፣ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የልዩ ልዩ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤቶች በግራና በቀኝ ይገኙበታል። ማለዳ በዚህ ጎዳና ከሚፈሰው ሕዝብ አንዱ ወገን ሠራተኛ፣ ሌላው ወገን ወረቀቱን በእጁ የያዘ ባለጉዳይ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አለቃና ሠራተኛ እንዴት እንደ ሰነበቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ነው፤ በመስኮቱ ፊት ቆሞ የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

ነገሩ እንዲገለጥ፣ መዝገብ ቤቱን ለብዙ ዘመን የያዘ፣ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ አለ እንበል። ባልደረባው ወደ አለቃው ክፍል ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ «ይህ ሰው ስለ እርስዎ እንዲህ እንዲህ ይላል» ብሎ ይወጣል። አለቃውም ሰውየውን አስጠርቶ በመጠየቅ ፈንታ ፊቱን ያጠቁርበታል። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ይጻፋል፤ ምክንያቱም «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ ስለ ተገኘ» የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የጡረታ ጉዳዩን ለማስፈጸም ከደብረ ብርሃን የመጣው ሽማግሌ ፋይሉ ስላልተገኘ ነገ ተመለስ ይባላል። ነገም ሌላ ነገን ይወልዳል። ሽማግሌው በአለቃውና በመዝገብ ቤቱ ሰው መካከል ስለ ገባው ነገር የሚያውቀው የለም፤ የአልጋ ኪራዩን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

የቀደሙት አባቶች በዚህ ነገር ጠንቃቆች ነበሩ። በገበያ ወይም በጎዳና ሁለት ሰዎች የተጣሉ እንደ ሆነ፣ በዚያ የሚያልፈውን ሰው «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆሙና ዳኛ ያደርጉት ነበር። ይህ የመንገድ ዳኛ ደመወዝ የሚቀበል አልነበረም፤ የትምህርት ምስክር ወረቀትም አልነበረው። ሆኖም ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ጉዳዩ ወደ በላይ ዳኛ የሚደርስ ሲሆንም ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን እርስ በርስ ቋጥረው አብረው ይሄዱ ነበር። ልብሱ ከባላጋራው ልብስ ጋር የተቋጠረ ሰው ቀድሞ ገብቶ የዳኛውን ጆሮ ሊይዝ አይችልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ የመንግሥት ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፍሎ በጽሕፈትና በማኅተም መሠራቱ እየሰፋ ሄደ። ይህም ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በሩ የሚዘጋ ቢሮም አብሮ መጣ።

ሕግ ይህን ጉድለት ሳይመለከተው አልቀረም። በ1994፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ተከታትለው የወጡት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጆች፣ የዲሲፕሊን ክስ በኮሚቴ እንዲመረመር፣ ቅር የተሰኘው ሠራተኛም አቤቱታውን የሚያሰማበት እንዲኖር ደንግገዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚመረምረው ስሙ ቅጣት የተባለውን ነው። ፊት መንሣትን፣ ከስብሰባ ሳይጠሩ መቅረትን፣ ሰላምታን በግማሽ መመለስን የሚመረምር ኮሚቴ አይገኝም። ይህ ሁሉ ለአለቃው ኅሊና የተተወ ነው፤ አሳባቂም ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ብሂል በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያስበው ገንዘብን ነው። የምንዝርን ስም መብላትም መብላት ነው፤ ይህን ደግሞ ኦዲተር አያገኘውም።

አንዳንድ ሹማምንት «ጆሯችንን ከዘጋንማ ስርቆቱንና ጉቦውን ማን ይነግረናል?» ይሉ ይሆናል። ክርክሩ መልስ የሚገባው ነው፤ የመንግሥትን ንብረት የሚያጠፋውን ሰው ለመጠቆም የመጣ ሠራተኛ መሰማት አለበት፤ ስሙም ሊጠበቅለት ይገባል። ነገር ግን መስማትና መፍረድ አንድ አይደሉም። ጥቆማውን ተቀብሎ መዝገቡን ማየት፣ ሒሳቡን ማመሳከር፣ በመጨረሻም የተጠቆመውን ሰው ጠርቶ ቃሉን መቀበል የአለቃ ሥራ ነው። ሠራተኛውም ቢሆን በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ውሎ በቡና ሰዓት አለቃውን የሚቦጭቅ ከሆነ፣ ለአሳባቂው ስንቁን የሚያቀብለው ራሱ ነው።

«ስለ እገሌ አንድ ነገር ልንገርዎ» ብሎ ለሚገባው ሰው የአለቃው መልስ «እገሌ ራሱ ይጠራና በፊቱ ንገረኝ» የሚል ቢሆን ብዙ ድካም አይጠይቅም። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ሦስተኛው አሳባቂ በሩን ለማንኳኳት ያመነታል። የመዝገብ ቤቱንም ሰው ዛሬውኑ አስጠርቶ መጠየቅ ይቻላል፤ የደብረ ብርሃኑ ሽማግሌ እንደ ሆነ ገና ከመስኮቱ ፊት አልሄደም።