የዓባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ይህ አባባል ስለ ወንዝ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። በገዛ አገሩ ያለውን መልካም ነገር ሌላው ሲጠግበው፥ እርሱ ከደጅ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁሉ የሚስማማ ነው። እኔንም ብዕር ያስነሣኝ ነገር የዚሁ ዘመድ ነው፤ ይኸውም የመዝናኛ ስፍራዎች ዋጋ መናርና፥ በምሥራቅ ጎጃም ሪዞርት ይሠራልን የሚለው የብዙ ሰው ተስፋ ነው።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ስለ አገር ልማት ወሬ ሲነሣ «ጎርጎራ ለማ፥ ወንጪ ለማ፥ የኛስ ጮቄ መቼ ነው?» ሲባል እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በተባለው ዕቅድ የተመረጡት ጎርጎራ፥ ወንጪና ኮይሻ ነበሩ። እኛስ ምን ጎደለን? የጮቄ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል፤ ሙጋን፥ ሱሃንና ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ። በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠራችው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ፥ ጥርብ ድንጋዩ ከነጌጡ ይታያል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ለሚወርድ ደግሞ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ። በጠላት ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገርበት እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቃሉ።

እንግዲህ ሀብቱ አለ። ነገር ግን ሪዞርቱ ከመምጣቱ በፊት እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በሩ የሚከፈተው ለማን ነው?

በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ እንመልከት። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ታድሶ ለሕዝብ እንዲታይ ሆኗል። የመግቢያው ዋጋ ሲከፈት ለመደበኛ ጎብኝ 200 ብር፥ ለልዩ እንግዳ 1000 ብር ነበር። በዚያው ዋጋ እንኳ ብናሰላው፥ 50 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል 10,000 ብር ያስፈልገዋል ማለት ነው። የዓባይን በረሃ ለሚያቋርጠው አውቶቡስ፥ ለመኝታና ለምግብ የሚወጣው ገና አልተቈጠረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንዱ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚህም ጋር የጉዞው ወጪ ሁሉ ከበደ። ስለ ግብር አዳራሹ በታሪክ ትምህርት የተማረ የገበሬ ልጅ በምን አቅሙ ሊያየው ነው?

ይህ ነገር በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ዲዝኒላንድ የተባለው የመጫወቻ ስፍራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ሲከፈት መግቢያው 1 ዶላር ነበር፤ መጫወቻዎቹ ለየብቻ ይከፈልባቸው ነበር። ዛሬ ግን ሕዝብ በሚበዛባቸው ቀኖች የአንድ ሰው ቲኬት ከ200 ዶላር በላይ ይሸጣል። ዋጋው በአንድ ሌሊት አልዘለለም፤ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ወጣ እንጂ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንዳንዶች «ዋጋው ካልጨመረ አትክልቱን ማን ያጠጣል? ሠራተኛውንስ ማን ይከፍላል?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በነጻ የሚቆም ነገር የለም። ሆኖም ለአንበሳው ሥጋ የሚወጣው ገንዘብ ዐሥር ልጆች ቢያዩትም መቶ ቢያዩትም ያው ነው። ጎብኝ በሚያንስበት በሥራ ቀን ተማሪዎች በአነስተኛ ዋጋ ቢገቡ ባለቤቱ የሚጎዳው ምንድር ነው? ሪዞርትም ቢሆን ዋና ገቢው ከመኝታውና ከገበታው እንጂ ከሕፃናት ሳንቲም አይደለም።

ስለዚህ በአገራችን ሪዞርት ለመሥራት ለሚያስቡ ሁሉ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ዝቅ ያለ ዋጋ ገና ከመሠረቱ በውል ይጻፍ፤ ከተሠራ በኋላ መለመን አስቸጋሪ ነውና። ሁለተኛ፥ ከገቢው የተወሰነው ለመንደሩ መንገድና ለምንጮቹ መጠበቂያ ይዋል። ሦስተኛ፥ መንገድ መሪውና አስተናጋጁ ከአካባቢው ወጣቶች ይመረጥ።

ይህ የሕልም ቅዠት አይደለም። የጮቄ ተራሮች ሥነ ምኅዳር መንደር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። የተመረጠው መንደር መሆኑን ልብ እንበል። ዓለም ያከበረው ገብሱንና ድንቹን የሚያመርተውን ሰው ከነአገሩ ነው። ገበሬውን አስነሥቶ አጥር የሚያጥር ሪዞርት ግን ይህን ክብር ያጠፋዋል።

በእርግጥ ከሁሉ በፊት ሰላም ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ጎብኝ ርቋል፤ መንገድ በማይታመንበት አገር የመግቢያ ዋጋ ቢረክስም ጥቅም የለውም። ቢሆንም ውል የሚታሰበው እንግዳው ደጅ ሲደርስ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። የየአድባራቱን ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍ፤ ቋንቋ እንማር፤ የየምንጩን ዳር በአገር በቀል ዛፍ እናልብስ። አገሩን የሚያውቅ ወጣት የሪዞርቱ ዘበኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አስጎብኚም ሥራ መሪም ይሆናል። ሰባራ ድልድይ በ1994 ዓ.ም. ከተጠገነ በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም፥ ለእግረኛ የሚሆን ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል። ድልድይ ማንንም ሳይመርጥ ያሻግራል። በጮቄ የሚሠራው በርም እንደዚያው ለሁሉ የሚከፈት ይሁን።