አብራሪነት ለባለገንዘብ ልጅ ብቻ ነውን?

በቅርቡ በማኅበራችን የክርክር ምሽት ላይ አንድ ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ሐሳቡም «አይሮፕላን ነጂ መሆን የሚፈልግ ወጣት ከእንግዲህ ወዲያ አየር መንገዱ ያስተምረኝ እያለ ደጅ አይጥና፤ ገንዘቡን ፈልጎ፥ ራሱ ከፍሎ ይማርና ነጻ ሰው ሆኖ ይውጣ» የሚል ነው። ያጨበጨቡትን ጓደኞቻችንን አንቀየማቸውም። «ነጻነት» የሚለው ቃል ሲጠራ የማያጨበጭብ ተማሪ ከወዴት ይገኛል? እኛ ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፥ ከቆላ ድባና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ግን በዚያ ምሽት እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል፤ ምክንያታችንንም ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማስረዳት ይገባናል።

ሁለቱ መንገዶች የታወቁ ናቸው። በአንደኛው አየር መንገዱ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ፈትኖና በሐኪም አስመርምሮ የመረጠውን ወጣት በራሱ ወጪ ያሠለጥናል፤ ወጣቱም በአገልግሎት ሊከፍል የግዴታ ውል ይፈርማል። በሁለተኛው ተማሪው ወይም ቤተሰቡ ሙሉውን ወጪ ይከፍላል፤ ተማሪውም ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በተባለው የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት ሁለቱም ዓይነት ሠልጣኞች አሉ፤ ከፋዮቹም መካከል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ይገኙበታል። በአዲስ አበባም የግል የበረራ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ስለዚህ ክርክሩ አንዱ ይኑር ሌላው ይጥፋ የሚል አይደለም። ክርክሩ ዋናው በር የትኛው ይሁን፥ የጓሮው በርስ የትኛው ይሁን የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ በዚያ ምሽት ገንዘቡን የጠቀሰ ተናጋሪ አልነበረምና። የበረራ ትምህርት ውድ የሆነው አስተማሪዎቹ ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 200 ሰዓት፥ በተፈቀደ የተቀናጀ ትምህርት ያለፈ እንደሆነም 150 ሰዓት መብረር አለበት። ሴስናም ሆነ ዳይመንድ፥ የመለማመጃው አይሮፕላን፥ መለዋወጫው፥ ቤንዚኑ ሳይቀር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለስሌት ያህል የአንድ ሠልጣኝ ወጪ 50,000 ዶላር ነው እንበል። ያን ጊዜ ከ3 ሚሊዮን ብር በታች የነበረው ሒሳብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ሳይበላና ሳይጠጣ፥ የቤት ኪራይም ሳይከፍል ይህን 5 ሚሊዮን ለማጠራቀም 500 ወር፥ ማለት ከ41 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ልጁ በዚያን ጊዜ ለጡረታ ይደርሳል እንጂ ለኮክፒት አይደርስም።

«ይበደራላ!» ተባልን። ከማን? የደምቢያ ገበሬ ያለው ሀብት መሬቱ ነው፤ ጤፉን፥ ሽምብራውንና ነጭ ሽንኩርቱን የሚያበቅልበት ያ ጥቁር መሬት። መሬት ግን በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ሕጉ መልካም ይሁን ክፉ ለዛሬ ክርክራችን አይደለም። እውነቱ ግን ባንክ ለሚሊዮን ብር ብድር የከተማ ቤት ወይም መኪና አሳዩኝ ይላል፤ ገበሬው ከብድርና ቁጠባ ተቋም የሚያገኘው ለማዳበሪያና ለበሬ መግዣ የሚበቃ ነው። እንግዲህ «ራሱ ከፍሎ ይማር» የሚለው ቃል ወደ ተራ አማርኛ ሲመለስ «አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ልጅ ይማር» ማለት ይሆናል። ይህን በግልጽ ቢናገሩት ኖሮ ጭብጨባው ምን ያህል ይሆን ነበር?

ደግሞም ፈቃድ ማለት ሥራ ማለት አይደለም። ይህን ነገር ጓደኞቻችን ረግጠውት አለፉ፤ እኛ ግን ቆም ብለን ልናየው እንወዳለን። አንድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ትምህርቱን ጨርሶ አንድ ዓመት ሥራ ቢያጣ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። የአብራሪ ፈቃድ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ካልተበላ ይሻግታል። የሕክምና ምስክር ወረቀቱ በየጊዜው መታደስ አለበት። በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የመብረር ችሎታም በየጊዜው ይፈተናል፤ ለመፈተንም መብረር፥ ለመብረርም መክፈል ያስፈልጋል። በዚህ ላይ በትንሽ አይሮፕላን 200 ሰዓት የበረረ ወጣት ቦይንግ ወይም ኤርባስ ከመንዳቱ በፊት ለዚያው ዓይነት አይሮፕላን የተለየ ሥልጠናና ፈቃድ ይጠየቃል፤ እርሱም ሌላ ወጪ ነው። እነሆ ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው።

በአገራችን ትልልቅ አይሮፕላኖችን አሰልፎ መደበኛ በረራ የሚያካሂድ ድርጅት ደግሞ በተግባር አንድ ነው። የግል ኩባንያዎች አሉ፤ ነገር ግን በጥቂት ትንንሽ አይሮፕላኖች የሚሠሩ ስለሆኑ የሚቀጥሩት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ያ አንድ ትልቅ ድርጅት የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ የሚያስፈልገውንም ሰው ከዚያው ያወጣል። ታዲያ ከፍሎ የተማረው ወጣት ነጻነቱን ይዞ ወደ ማን ይሄዳል? ሻጩ ብዙ፥ ገዢው አንድ በሆነበት ገበያ የሻጩ ነጻነት ምን ዓይነት ነጻነት ነው? በኮላ ድባ ገበያ ሽንኩርቱን ይዞ የወጣ ገበሬ አንድ ነጋዴ ብቻ የመጣ ዕለት ይህን ነገር ያለ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንምጣ። «የግዴታ ውል ባርነት ነው» ተብሏል። ይህ ቃል ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው በደንብ ቁጥር 91 የመጣውን የወጪ መጋራት ውል እኛ ሁላችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ፈርመነዋል፤ መምህር ለመሆን የሚማሩ ጓደኞቻችንም ዕዳቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። ባሪያዎች ነን የሚል ግን አልሰማንም። ከእኛ በፊት የነበሩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው ያስተምሩ ነበር። በአገልግሎት የሚከፈል ዕዳ ሥራን አብሮ ይዞ ይመጣል፤ ያበደረው አካል ሥራ ካልሰጠ አገልግሎት ሊጠይቅ አይችልምና። የባንክ ዕዳ ግን ሥራ ኖረም አልኖረም ወለዱን ይቆጥራል። ከሁለቱ አንገት ላይ የሚጠብቀው የትኛው ሰንሰለት ነው?

ታሪኩንም እንመልከት። የመጀመሪያው አይሮፕላን በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈ በኋላ ከፈረንሳዊ አስተማሪ ተምረው የበረሩት አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ በመንግሥት ተመርጠው በመንግሥት ወጪ የተማሩ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላም ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንና ሌሎች ስዊድናውያን በቢሾፍቱ ያስተማሯቸው የአየር ኃይል ወጣቶች አንድ ሳንቲም አልተጠየቁም። በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው አየር መንገድ ሲጀምር አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ ስምረት መድኃኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የውጭ አገር ሰው የያዘው ወንበር በኢትዮጵያዊ የተተካው በድርጅትና በመንግሥት ወጪ በተደረገ ሥልጠና ነው። ያን ጊዜ «ገንዘብ ያለው ይምጣ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ይመጣ እንደነበር መምህራኖቻችን ይገምቱ፤ መሣፍንቱና መኳንንቱ ልጆቻቸውን ወደ እንደዚህ ያለ የዘይትና የቁልፍ ሥራ ለመስደድ ብዙም የሚጣደፉ አልነበሩም።

«ይህ የድሮ ነገር ነው፤ የሠለጠነው ዓለም እንደዚህ አይሠራም» ለሚሉን የእንግሊዝን ነገር እናስታውሳቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 በሐምብል የተከፈተው ኮሌጅ ለሁለቱ የመንግሥት አየር መንገዶች አብራሪዎችን በድርጅቶቹ ወጪ ያሠለጥን ነበር። ኮሌጁ ተዘጋ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት እዚያ አብዛኛው ሠልጣኝ ከፍሎ የሚማር ሆነ፤ ወላጆች ቤታቸውን አስይዘው እስኪበደሩ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ የነበረ ታይሳይድ የተባለ የበረራ ትምህርት ቤት በድንገት ሲዘጋ አስቀድመው የከፈሉ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። በዚያው ዓመት ብሪቲሽ ኤርዌይስ ለአንድ ሠልጣኝ 100,000 ፓውንድ ገደማ የሚደርሰውን ወጪ ራሱ ችሎ የሚያሠለጥንበትን ፕሮግራም አወጣ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ገንዘብ የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች ወደ ሙያው መግባት ስላልቻሉ ነው አለ። እነርሱ ሞክረው የተመለሱበትን መንገድ እኛ ዛሬ እንደ አዲስ ሥልጣኔ ልንጀምረው ነውን?

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። በሚያሠለጥነው ሰው ክፍያ የሚኖር ትምህርት ቤት፥ ማንም ይሁን የትም ይሁን፥ ደካማውን ተማሪ «አንተ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም» ብሎ ለማሰናበት ይቸገራል። መንገደኛውን ነገ በእጁ የሚያስረክበው ድርጅት ግን ቶሎ ማሰናበቱ ይጠቅመዋል። ይህን የምንለው ከፍለው የተማሩትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከእነርሱም ጎበዝ አብራሪዎች ይወጣሉ። የምንለው ስለ አሠራሩ ነው።

«አየር መንገዱ ነጋዴ ድርጅት ነው፤ አስተምሮ የባሕረ ሰላጤው ኩባንያዎች በትልቅ ደመወዝ ይወስዱበታል» የተባለውን እንቀበላለን። ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የግዴታ ውል የተፈለሰፈው ለዚሁ አይደለምን? ውሉን የሚጠሉትና ኪሳራውን የሚያለቅሱት ያው አንድ ወገን ሲሆኑ ግራ ይገባናል። ደግሞም ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የሕዝብ ሀብት ነው፤ በሕዝብ ስም የቆመ ድርጅት የሕዝብን ልጅ ከየአውራጃው መርጦ ቢያስተምር ምጽዋት ሰጠ አይባልም።

ይሁን እንጂ አየር መንገዱን በጭፍን ለማመስገን ብዕር አላነሣንም። የግዴታው ዘመን ቁርጥ ያለና ከሥልጠናው ወጪ ጋር የተመዛዘነ ይሁን፤ በያመቱ አገልግሎት ዕዳው እየቀነሰ ይሂድ እንጂ የመጨረሻው ዓመት ላይ የሄደ ሰው እንደ መጀመሪያው ዓመት አይጠየቅ። ጤናው ተጓድሎ የሕክምና ምስክር ወረቀቱን ያጣ አብራሪ ዕዳው ይሰረዝለት። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደው «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» የሚለው ነገር ለእንደዚህ ያለ ሥልጠና ከተጠየቀ ገበሬውን ከፊት በር አስገብቶ ከኋላ በር ማስወጣት ነው፤ የደምቢያ ገበሬ አጎት እንጂ ደመወዝተኛ ወንድም ብዙ የለውም። ፈተናው በባሕር ዳርና በጎንደርም ሁልጊዜ ይሰጥ፤ ስንት ሰው አመልክቶ ስንት እንዳለፈ፥ ከየትኛው ክልልም እንደመጣ በያመቱ ይታተም። (የዓይን ምርመራውን ግን አንቃወምም፤ ክልላችን በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነውና ይህ የጤና ጥበቃ ጉዳይ ነው፤ በሌላ እትም እንመለስበታለን።)

ከፍሎ መማር የሚችል ካለ ደግሞ በተረፈው ወንበር ይማር፤ የውጭ አገር ተማሪም ዶላሩን ይዞ ይምጣ። ነገር ግን ያንኑ ፈተና ይፈተን፤ ለቅጥርም በተራው ይሰለፍ፤ ደረሰኙ ነጥብ አይሁንለት።

እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ደብዳቤ ለአየር መንገዱ ለመላክ ተዘጋጅቷል። መፈረም የሚፈልጉ ተማሪዎችና መምህራን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኙታል። በክርክሩ ምሽት በተቃራኒው ወገን የቆሙት ጓደኞቻችንም መልሳቸውን ጽፈው ቢያመጡ፥ ለሚቀጥለው እትም ከዚህ ጽሑፍ ጋር እኩል ገጽ እንዲሰጣቸው አዘጋጆቹን ጠይቀን ፈቅደውልናል፤ የሚጽፈው ሰው ግን ያን 5 ሚሊዮን ብር ከየት እንደሚያመጣው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይንገረን።