በዝርዝሩ የሌለች አገር፣ በየስልኩ የሚሸጥ ቪዛ

ሾላ ገበያ የሌለ ነገር የለም ይባላል። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ቅቤው፣ ጤፉ፣ ልባሹ፣ ባልዲው፣ የልጅ ጫማው በየረድፉ ተደርድሯል። ሻጮቹ ደንበኛ እስኪመጣ በሚጎረጉሩት ስልክ ላይ ግን ሌላ ገበያ ተከፍቷል። እዚያ የሚሸጠው በዓለም ላይ የሌለ ዕቃ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የሚሰጥ የ«ወርኪንግ ሆሊዴይ» ቪዛ።

ማስታወቂያው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የሲድኒ ድልድይ ፎቶ፣ «ከ18 እስከ 30 ዓመት» የሚል ጽሑፍ፣ «ልምድ አይጠይቅም»፣ «ኮታው ሊሞላ ነው»፣ ከታች የቴሌግራም አድራሻ። ገብቶ የጠየቀ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ይባላል። ቀጥሎ የፕሮሰስ። ቀጥሎ ኮንትራትህ መጥቷል፣ የማስተርጎሚያ ክፈል። ገንዘቡ በግለሰብ ሒሳብ ይገባል፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን አካውንቱ ይጠፋል። ከሳምንት በኋላ በሌላ ስምና በሌላ ድልድይ ፎቶ ይመለሳል።

ደላላውን መራገም ቀላል ነው፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ደላላው ይህን ያህል የሚሸጠው ሌላ ማንም የማይናገረው ነገር ስላለ ነው። ያም ነገር ይህ ነው፦ ቪዛው እውነተኛ ነው፣ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ይሄዱበታል፣ ኢትዮጵያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

ወርኪንግ ሆሊዴይ ሁለት መንግሥታት ተስማምተው ወጣቶቻቸውን የሚለዋወጡበት ቪዛ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1975 ከእንግሊዝ፣ ከካናዳና ከአየርላንድ ወጣቶች ጋር ጀመረችው። አሳቡ ቀላል ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሰው ለአንድ ዓመት ይሄዳል፤ አገር ያያል፤ ገንዘቡ ሲያልቅበት ምግብ ቤት ያስተናግዳል ወይም ፍራፍሬ ይለቅማል፤ እንደገና አገር ያያል። አሠሪ አስቀድሞ አያስፈልገውም። አሠሪው ክፉ ከሆነ ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ቪዛው የእሱ እንጂ የአሠሪው አይደለም። ሁለተኛ ዓመት መቆየት ለሚፈልጉ ለአብዛኞቹ ደግሞ አውስትራሊያ ከከተማ ወጥተው በእርሻና በመሰል ሥራ ሦስት ወር እንዲሠሩ ትጠይቃለች። የጀርመን ሐኪም ልጅ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሙዝ ትሸከማለች፣ ፎቶዋን ትለጥፋለች፣ ቤተሰቧም ይኮራባታል።

አሁን ዝርዝሩን ማየት ነው። የአውስትራሊያን፣ የኒው ዚላንድን፣ የካናዳንና የእንግሊዝን የወጣቶች ቪዛ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት አንድም የአፍሪካ አገር አይገኝበትም። ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም፤ አህጉሩ በሙሉ የለም። ቺሊ አለች፣ ጃፓን አለች፣ ኡራጓይ አለች፣ ሳን ማሪኖ አለች። ሳን ማሪኖ ሕዝቧ ቢሰበሰብ የሾላን ገበያ የበዓል ዋዜማ ሰው አያህልም ቢባል ማጋነን ነው፣ ግን ብዙም አይደለም።

ድሮ እንዲህም አልነበረም። እንግሊዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ለኮመንዌልዝ አገሮች ወጣቶች በሙሉ ክፍት የሆነ የሥራና ዕረፍት ቪዛ ነበራት፤ የጋና ልጅም የደቡብ አፍሪካ ልጅም ያመለክትበት ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ተዘግቶ በአዲስ ሥርዓት ተተካ፤ አዲሱ ለተመረጡ አገሮች ብቻ ሆነ። ኢትዮጵያ ቅኝ ስላልተገዛች ኮመንዌልዝ ውስጥ አልነበረችም፤ ስለዚህ ሲከፈትም አልገባችም፣ ሲዘጋም አልወጣችም። የነፃነት ዋጋ ብዙ ነው፤ ይሄኛው ግን በአድዋ ንግግር ላይ አይጠቀስም።

ነገሩ ከሾላ ሲታይ የባሰ ያስገርማል። ገበያው ያለበት የካ ክፍለ ከተማ የኤምባሲዎች ክፍለ ከተማ ነው። ከሾላ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ዳር አፄ ምኒልክ የሰጡት የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ አለ፤ ዛፉ ከውጭ ይታያል። የሩሲያም የኬንያም ኤምባሲ እዚያው አካባቢ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈሩ ራሱ በኤምባሲ ስም ይጠራል። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የመቶ ዓመት የዲፕሎማሲ አጥር እየታከኩ ነው የሚያልፉት። በዚያ ሁሉ መቶ ዓመት ውስጥ የዚያ ሰፈር ልጅ ለአንድ ዓመት ሄዶ፣ ሠርቶ፣ አገር አይቶ እንዲመለስ የሚፈቅድ አንድ ወረቀት አልተፈረመም።

ለምን? የመጀመሪያው መልስ ሁሌም «አይመለሱማ» ነው። ይህን የውጭው ቆንስላ ቢለው ይገባል፤ ሥራው ነው። የሚያሳፍረው እዚሁ አገር በየቢሮው ያለው ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሲደግመው ነው። ቬትናምን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቬትናማውያን በጀልባ እየሸሹ አውስትራሊያ ይገቡ ነበር፤ ማንም ይመለሳሉ ብሎ አልጠበቀም፣ አልተመለሱምም። ዛሬ ቬትናም በአውስትራሊያ የሥራና ዕረፍት ቪዛ ውስጥ በዓመት 1,500 ቦታ አላት። ሞንጎሊያ 100 አላት። ፓፑዋ ኒው ጊኒ 100 አላት። ሕንድ 1,000 ቦታ አግኝታ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዕጣ ታድላለች። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ወጣቱ ከመሰደድ የዳነ አገር? ኮታ የተፈጠረውም ለዚሁ ፍርሃት ነው። መቶ ሰው ይላካል፣ ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጠራል፣ በቀጣዩ ዓመት ያድጋል ወይም ይቀራል።

ኢትዮጵያዊ ሲሄድ አይመለስም የሚለውም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ወሬ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በውጭ የተማሩት ወጣቶች ተመልሰው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ እያደነ የጨረሰው እነሱን ነው። ከአብዮቱ በፊትም ተምሮ አገር ቤት አለመመለስ እንግዳ ነገር ነበር። ሰው የሚመለሰው የሚመለስበት ሲኖረው ነው፤ ዳግም መውጣት እንደሚችል ሲያውቅም ነው። በሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ማን ሞኝ ተመልሶ ይገባል?

ሁለተኛው መልስ ከሽማግሌውም ከባለሥልጣኑም አፍ የሚወጣው ነው። «ሥራ አጥ ሞልቶ ሽርሽር ምን አመጣው?» ይህ መልስ ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው።

መንግሥት ወጣቱን ወደ ውጭ አይልክም የሚል የለም። ይልካል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር በዚያው ዓመት ጉዞው ታግዶ ነበር። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፣ በ1246/2013 ተሻሻለ፣ ጉዞው ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 500,000 ሰው ወደ ሳዑዲ ለመላክ ምልመላ ተጀመረ፤ አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኝነት የሚፈለጉ ሴቶች ነበሩ። ግማሽ ሚሊዮን! ይህን ለመደራደር አቅም ነበረ፣ ጊዜ ነበረ፣ በየወረዳው ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰውም ነበረ።

አዋጁ ላይ በጎ ነገር የለም ለማለት አይደለም። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ይላል፤ ይህንን የሚያውቅ ተጓዥ ስንት እንደሆነ መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ ነው። ነገር ግን የሚላኩት በምን ዓይነት ቪዛ ነው? በአሠሪው ስም በታሰረ ቪዛ። ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ማን እንደሚይዘው ሁሉም ያውቃል። የዕረፍት ቀን ውሉ ላይ አለ፤ ውሉ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። የሌላው አገር ልጅ ሥራና ዕረፍት ተብሎ ሲሄድ የሾላ ልጅ ሥራ ብቻ ተብላ ትሄዳለች። ጀርመናዊቷ ሙዝ ስትሸከም ልምድ ነው፤ የእሷ ሲሆን ዕጣ ፈንታ ነው። «ሽርሽር ምን አመጣው» የሚለው ባለሥልጣን ሳያውቀው የሚናገረው የድሃ ልጅ ጉልበት እንጂ ዓይን የላትም ነው። አገር ለማየት መፈለግ የሀብታም ልጅ በሽታ ተደርጎ ተቆጥሯል።

የቋቱ ጥያቄ እውነት ነው፤ መሸሸግ አይገባም። አውስትራሊያ አመልካቹ 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ እንዲያሳይ፣ ከሁለት ዓመት ያላነሰ የከፍተኛ ትምህርት እንዲኖረው፣ እንግሊዝኛ እንዲችል ትጠይቃለች። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህ ገንዘብ በብር ሲመታ ልብ ያወርዳል። ፓስፖርቱ ራሱ 5,000 ብር ገብቷል። ቢሆንም በኬንያ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ቤተሰብ ለደላላ በመቶ ሺዎች ሲከፍል ማን ጠየቀ? እቁብ ተሰብስቦ፣ በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ ነው የሚከፈለው። ያ ገንዘብ በረሃ ላይ ይቀራል። ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ለቆንስላ የሚታይ ገንዘብ ግን ቢያንስ የባለቤቱ ነው።

በረድፉ መሐል የእናቷን የበርበሬ ቦታ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ አለች እንበል። ስሟ አያስፈልግም፤ በየረድፉ አለች። ዕድሜዋ 24 ነው፣ በአካውንቲንግ ተመርቃለች፣ የገበያውን ሒሳብ በጭንቅላቷ ትሠራለች፣ ለፈረንጅ ደንበኛ ሚጥሚጣና በርበሬ እንዴት እንደሚለያዩ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። መስፈርቱ ውስጥ የማታሟላው ነገር ገንዘቡ ነው፤ እሱንም በሁለት እቁብ ትደርስበት ይሆናል። የሚቀረው አገሯ ነው። ማመልከቻው ላይ የፓስፖርቷን አገር ስትፈልግ ከተፈቀዱት ውስጥ አታገኘውም። የቴሌግራሙ ሰውዬ ግን «እኔ አስገባሻለሁ እህቴ፣ በውስጥ መስመር ነው» ይላታል። በውስጥ መስመር የሚባል ነገር የለም። ዕጣ የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ኢትዮጵያን ደግሞ አያውቃትም።

ይህን ለእሷ የመናገር ግዴታ የማን ነው? የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዲጂታል የምዝገባ ሥርዓት አለው፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አለው፣ በየክፍለ ከተማው ቢሮ አለው። በሾላ መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ ተክሎ «ወርኪንግ ሆሊዴይ የሚባል ቪዛ ለኢትዮጵያውያን አይሰጥም፤ አለ የሚል ሌባ ነው» ብሎ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሰሌዳው ከተጻፈ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ ለምን አይሰጥም?

የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚደራደርበት ነገር የለውም የሚል ካለ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያ ተመላሽ ዜጎቿን በመቀበል በቂ ትብብር አላደረገችም ብሎ የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን 15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም አቆመ። ቅጣቱን የከፈለው ሚኒስቴሩ አይደለም፤ የአክስቷን ሠርግ ለማየት ያመለከተችው ልጅ ናት። ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን፣ ከዚህ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ እነዚያ አገሮች ከአዲስ አበባ የሚፈልጉት ነገር አላቸው። የሚፈለግ ነገር ያለው ወገን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ምላሽ መጠየቅ ይችላል። ተመላሽ ተቀበሉን ሲባል፣ እናንተስ በዓመት መቶ ልጆች በሕግ ተቀበሉን ማለት ምን ድፍረት ይጠይቃል? የኢንዶኔዥያ መንግሥት ለወጣቶቹ የድጋፍ ደብዳቤ እየጻፈ ነው ወደ አውስትራሊያ የሚልካቸው። ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ማኅተም ያለው ወረቀት። በማኅተምስ አዲስ አበባ ከማን ታንሳለች?

ድርድር ዓመታት ይፈጃል፤ ይህም የታወቀ ነው። ለዚያ ነው ዛሬ መጀመር ያለበት። ቪዛው ላይ ያለው የዕድሜ ጣሪያ ማንንም አይጠብቅም። የበርበሬዋ ልጅ 24 ናት፤ 31 ሲሞላት ማመልከት አትችልም። ሰባት ዓመት አላት። አጠገቧ ቅቤ የሚሸጠው ወንድሟ ግን 29 ነው፤ ትናንት ማታ ለቴሌግራሙ ሰውዬ «የመመዝገቢያ» ልኳል።