ንግርትና የሰው እጅ

ጎንደርን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ከፋሲል ግንብ ቅጥር ሲገባ ከሚሰማቸው ትውፊቶች አንዱ ይህ ነው፤ የነገሥታቱ መናገሻ ስሙ በ«ገ» ፊደል ዘር በሚጀምር ስፍራ ይቆማል የሚል ንግርት ስለ ነበረ፣ ቀደምት ነገሥታት በጉዛራና በጎርጎራ ሞክረው ሳይጸናላቸው ቀርቶ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ጎሽ ሲያድኑ ጎሹ እየመራ ከዚህ ኮረብታ አደረሳቸውና ከተማይቱ በ1628 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ትውፊቱ ያማረ ነው፤ እንዲቀርም አልሻም። የሚያሳዝነኝ ነገሩ በዚህ አብቅቶ ሰሚው ከተማይቱን ፊደል የሠራት መስሎት መሄዱ ነው። ኮረብታው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል መቀመጡ፣ ከምጽዋና ከስናር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚገናኝበት መሆኑ፣ አየሩም ከጣና ዳር ወባ የራቀ መሆኑ፣ ለመናገሻ የሚበጀውን የሚያውቅ ንጉሥና ኖራ አቡክቶ ድንጋዩን ያቆመ ግንበኛ መኖሩ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

በዚሁ ዓይን ነው የጥንት ጽርኣውያንን፣ ዛሬ ግሪኮች የምንላቸውን፣ የምናነባቸው። ስለ ንጉሥ ኤዲፐስ ያነበበ ወጣት፣ አባቱን ይገድላል፣ እናቱን ያገባል ተብሎ የተነገረበት ሰው ከተነገረበት እንዳላመለጠ አይቶ፣ «በግንባሩ የተጻፈ ላይቀር ምን አደከመው!» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። ሶፎክሊስ ግን ድርሰቱን ያቆመው በትንቢቱ ላይ ሳይሆን በምርመራው ላይ ነው፤ ንጉሡ ስለ ሕዝቡ መቅሠፍት ወንጀለኛውን ሊፈልግ ምሎ ተነሥቶ፣ ሚስቱ ተው ስትለው፣ እረኛውም ማረኝ ብሎ ሲለምነው እምቢ ብሎ፣ እውነቱን እስኪያገኝ ድረስ የሄደው በራሱ ፈቃድ ነው። በመስቀለኛው መንገድ ላይ ተቆጥቶ አባቱ መሆኑን ያላወቀውን ሽማግሌ እንዲመታው ያዘዘው ማንም የለም። በመጨረሻም መከራውን ከአፖሎን ቢያደርገውም፣ ዓይኖቹን ያጠፋችው እጅ የራሱ እንደ ሆነች ይናገራል እንጂ አያመካኝም።

ግሪኮች ትንቢት በመጣ ጊዜ አፋቸውን ዘግተው የሚቀመጡ ሕዝብ አልነበሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት የፋርስ ንጉሥ በምድርና በባሕር ሲዘምትባቸው፣ አቴናውያን ወደ ዴልፊ የትንቢት መቅደስ ልከው የእንጨት ቅጥር ያድናችኋል የሚል ድብቅ ቃል ተመለሰላቸው። የእኛ የመጻሕፍት መምህር «አንድም» እያለ ትርጓሜውን እንደሚያሰፋ፣ እነርሱም በአደባባይ ጉባኤ ቆመው፣ አንዱ ቅጥሩ ጥንት የከተማቸውን አምባ ከብቦ የነበረው የእሾህ አጥር ነው፣ መሪያቸው ቴሚስቶክሊስ ደግሞ መርከቦቻችን ናቸው እያሉ ተከራክረው፣ ወደ መርከብ ገብተው በሰላሚስ ድል አደረጉ። መርከቦቹም ቢሆኑ ከላውርዮን የብር ማዕድን የተገኘውን ገንዘብ ሕዝቡ ለየራሱ ሊከፋፈለው ሲል፣ ይኸው ቴሚስቶክሊስ አስቀድሞ ሸንጎውን አሳምኖ ያሠራቸው ነበሩ። የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ ግን ከዚያው መቅደስ፣ በፋርስ ላይ ብትዘምት ታላቅ መንግሥት ታጠፋለህ የሚል ቃል ሲደርሰው፣ የማን መንግሥት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ዘምቶ የራሱን አጠፋ። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ ይህን የጻፈው ሰው መጠየቅ የሚገባውን ሳይጠይቅ ሲቀር ምን እንደሚደርስበት ለማሳየት ይመስለኛል።

እኛም የራሳችን ምስክር አለን። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ ይነሣል ስላለ፣ ብዙ ሰው የቋራውን ካሳን ከማኅፀን ጀምሮ የተጻፈለት አድርጎ ይተርከዋል፤ ነገር ግን ቋራ ከጎንደር በስተ ምዕራብ ናት፤ ስሙንም የወሰደው ራሱ ካሳ ነው። ይህ ሰው በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ በግብፆች መድፍ ድል በሆነ ጊዜ ዕድሌ ነው ብሎ አልተኛም፤ የሥርዓተ ጦርንና የመድፍን ነገር ከዚያ ሽንፈት ተምሮ፣ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በስሜን በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። ውቤ ሊነግሡባት አስበው አሠሯት በምትባለው በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ቀብተው ያነገሡት ካሳን ሆነ። እዚህ ላይ ተራኪው «አየህ የዕጣን ነገር!» ይላል። አዎን፣ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በጉር አምባና በደረስጌ መካከል ያለው ድካም በአንድ የዕጣ ቃል ከተሸፈነ፣ የዚያ ሰው ታላቅነት ከየት ይገኛል?

ውድቀቱም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ዕጣቸው ሞላ የሚሉ አሉ፤ የጎንደር ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞ በ1859 ዓ.ም. የገዛ ንጉሡ ከተማይቱን መዝብሮ አብያተ ክርስቲያናቷን እንዳቃጠለ ያውቃል። ከቤተ ክህነት ጋር በመሬት የተነሣው ጠብ፣ የተገዢው ልብ መሸሽ፣ የታሰሩት ፈረንጆች ነገር፣ እነዚህ ሁሉ ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም፤ ንጉሡን የምንወድ ሰዎች ይህን ለማለት ሊከብደን አይገባም።

ስቶኢኮች የሚባሉት የግሪክ ፈላስፎች ሊቅ ክሪሲጶስ «ሰነፍ ሙግት» የሚባለውን ሲመልስ፣ መዳንህ የተወሰነ ከሆነ ሐኪም ብትጠራም ባትጠራም ትድናለህ ለሚለው፣ ሐኪሙን መጥራትህም ከመዳንህ ጋር አብሮ የተወሰነ ነው ብሎ ነበር። ከጎንደር በታች ያለው የደምቢያ ሜዳ ይህን መልስ በተግባር አይቶታል። በ1940ዎቹ አጋማሽ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ነፍስ ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሰደደ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ዕድል ፈንታችን፣ ጽዋ ተርታችን ተብሎ ቢቀር ኖሮ ያ ቤት አይሠራም ነበር።

ዐውደ ነገሥት ገላጩ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ ለዐሥራ ሁለት ገድፎ፣ ከቀረው «ኮከብህ ሐመል ነው» ሲል፣ ይህ የዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት ሐሳብ ከግሪክ በዐረብ በኩል የደረሰን ነውና፣ የግሪክን ዕድል የተቀበልነው ከመርማሪዎቿ ሳይሆን ከኮከብ ቆጣሪዎቿ ይመስላል። የአባ ሚካኤል መጽሐፈ ፈላስፋ ግን የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ምክር በግእዝ አቅርቦልን ነበር። በቤተ ክርስቲያንም ማትያስ በዕጣ የተመረጠው ከጌታ ጋር የዋሉ ሁለት የታወቁ ሰዎች ከቆሙ በኋላ ነው፤ ነጻ ፈቃድን የሚያስተምር ጉባኤም በጎንደር ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ከፒያሳ በታች በውርርድ ቤት ደጃፍ የተሰለፈው ልጅ «ዛሬ ዕድሌ ይቀናል» ሲል፣ ያስተማረው የአባቶቹ ሃይማኖትም የግሪክም ጥበብ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የዕድልን ቃል የምናዞርበት አቅጣጫ ነው። ልጃችን ፈተና ሲወድቅ «ዕድሉ ነው» ብለን እንጽናናለን፤ የጎረቤታችን ልጅ ሲወድቅ ግን ስንፍናው፣ ወይም የቤተ ሰቡ እርግማን ይሆናል። በጃናሞራ ደጋ ገብሱ ሊያፈራ ሲል በአንድ ሌሊት ውርጭ የተመታበት ገበሬ ያን ሌሊት ምንም ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም፤ እርሱን «ዕድለ ቢስ» ብሎ ማንቋሸሽ ፍርድ ማጣመም ነው። የአቴናው ጠቢብ ሶሎን ለክሮይሶስ የሰውን ደስታ ፍጻሜውን ሳታይ አትፍረድ ብሎ ማስጠንቀቁም የተሳካለት ሰው ከራሱ ሥራ ሌላ የተቀበለውን እንዲያስብ፣ ለወደቀውም እንዲራራ ነው።

እንግዲህ በፋሲል ግንብ የሚቆሙ አስጎብኚዎች የጎሹን ነገር ሲነግሩ የቀሃንና የአንገረብን፣ የነጋዴውንና የግንበኛውንም ይንገሩ። በትምህርት ቤት ኤዲፐስን የሚያስነብቡ መምህራንም ተማሪዎቹን «ከመስቀለኛው መንገድ ላይ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥሎም የደረስጌን ነገር አንሥተው፣ ውቤ ከዚያች ቀን በፊት የትኛውን ነገር በሌላ መንገድ ሊያደርጉት ይችሉ እንደ ነበር ያከራክሯቸው።